ጋፋት ለአባቴ የቀረበው እራት

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ወንድ ማጀት ገባ ከተባለ ወይ ሚስቱ ሞታለች፣ ወይ ራሱ አብዷል። የኔው ባል ግን እኔም ደህና፣ እሱም ጤነኛ፣ ይገባ ነበር! ፈረንጅ ነዋ። ጋፋት ላይ ለንጉሡ ብረት ከሚያቀልጡት አንዱ ነበር፣ እና ቀን ብረቱን ሲቀጠቅጥ ይውልና ማታ መጥቶ ሊጤን ይቀጠቅጣል።

ታዲያ ወሬው አገራችን ገሳይ ድረስ ሄዶ አባቴ ጆሮ ገባ፣ አባቴም በበቅሎ ከች አሉ። "ስሚ፣" አሉኝ፣ "አገር ሳቀብኝ። ዛሬ አድሬ ነገ ይዤሽ እሄዳለሁ።" እኔ ደግሞ፣ ዛሬ ምን ላፍር፣ ወድጄዋለሁ! መለየቱን እንዴት ልቻለው! እና ባሌን ደጅ አውጥቼ "በማርያም ይዤሃለሁ፣ ዛሬ እንኳ ማጀት አትግባ" ብዬ ብለምነው፣ ደረቱን እየደቃ "አባት መጣ! እኔ ይሠራል! እኔ!" አይለኝም?

ገባላችኋ! የፍስክ ቀን ነው። የስንዴ ዱቄቱን በእንቁላል ለወሰ፣ በታጠበ የነፍጥ ብረት ዳመጠ፣ ዳመጠ፣ በቢላዋ እንደ ጠፍር ሰነጠቀ፣ እና የጋቢ መስቀያዬ ገመድ ላይ ሰቀለው። አባቴ መደብ ላይ ሆነው ያያሉ። ታዲያ ቀቀለውና ቅቤ አፍስሶበት እየሳቀ ፊታቸው አቀረበ። ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ረጅም፣ ያብለጨልጫል።

አባቴ አጎንብሰው አዩ። ቀና አሉ። ደግመው አዩ።

"አንቺ!" አሉ። "ይኼን እኮ ቅዳሜ ኮሶ ጠጥቼ ገሳይ ጓሮ ጥዬው ነው የመጣሁ! ቀድሞኝ ደረሰ?"

"አባቴ፣ ስንዴ ነው!"

"ስንዴ? እኔ የሆዴን ትል አላውቀውም? በቅሎዬን ጫኑ! ነገም አልል፣ አሁኑኑ ተነሽ!"

ባሌ ምኑም አልገባው፣ "ብላ፣ አባቴ፣ ብላ!" ይላል። እኔ ምን አደርጋለሁ፣ ከእግራቸው ወደቅሁ። "አባቴ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑና ከእጄ አንድ ይጉረሱ። ካልጣመዎ እሄዳለሁ፣ ቃል አይወጣኝም።" ወዲያው በርበሬ ነሰነስሁበት፣ ቆራርጬ እንደ ፍትፍት አሸሁና ይኼን የሚያህል ጉርሻ ጠቀለልሁ። የልጅ ጉርሻ ይመለሳል? አይመለስ። "በስመ አብ" ብለው ጨፍነው ተቀበሉኝ። አላመጡ። እኔ አገጫቸውን አያለሁ። አላመጡ፣ አላመጡ፣ ዋጡ።

ዓይናቸውን ሳይገልጡ "አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ድገሚኝ" አሉ።

ደገምኋቸው፣ ሠለስሁ፣ ኋላማ ዓይናቸውን ገልጠው በገዛ እጃቸው ጠራረጉት። ከዚያ ጢማቸውን አበሱና ባሌን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ሰውዬው እስከ ቅንድቡ ዱቄት ነው።

"ልጄን ልወስድ ነበር የመጣሁ" አሉት። "አሁንስ አንተን ብወስድ በወደድሁ። ምን ላድርግ፣ እናቷ ማጀቷ ውስጥ ወንድ ካየች አገር ጥላ ትጠፋለች። እንግዲያ ሁለታችሁም እዚሁ ቅሩልኝ!"

ውይ! ያን ቀን የሳቅሁት ሳቅ፣ ልጆቼ! እንባዬም አብሮ ይወርዳል። ቀረሁ ማለት ነዋ!