ዶሮ የነካ አይገባም

ኦኬ፣ ቁጭ በሉ። ገና ሳልጀምር አታጨብጭቡ፤ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሽ ወልደትንሳኤ ላልተመረመረ ነገር ሲጨበጨብ አይወዱም።

በ1980 ሶዶ ወዳለው የዶሮ በሽታ ላቦራቶሪያችን ዶሮ ሊጠብቁ ሲመጡ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ፣ ትሁን፣ ነበርኩ። "ገላዎን ሳይታጠቡ አይገቡም" አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ልጄ፣ ቤቴ ታጥቤ ነው የመጣሁት" አሉ። "ሲወጡም ይታጠባሉ" ስላቸው፣ "ዶሮዎቹስ?" ብለው ጠየቁ።

በሳምንቱ ከሕጉ በላይ ሕግ ሆኑ። ከላቦራቶሪው ውጭ ዶሮ የነካ ሰው በሽታ እንዳያስገባብን ሰባት ቀን አይገባም። እኔ ለገና ከገበሬ የቁም ዶሮ ገዝቼ በማግስቱ ሥራ መጣሁ። በሩ ላይ ቆመዋል።

"ምን ነክተሻል?"

"ዶሮ።"

"በሕይወት ያለ?"

"አሁንማ የለም።"

ሰባት ቀን ቤቴ ዋልኩ። እሳቸው ራሳቸው ስምንት ዓመት ሙሉ በዓል ያሳለፉት በሱፐርማርኬት በረዶ ዶሮ ነው። ባለቤታቸው እትዬ አጸደ ምስክር ናቸው።

ዶሮዎቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። ጋሽ ወልደትንሳኤ ግን አሥራ አራት ቁጥርን ውባንቺ አሏት። "ውባንቺ ዛሬ ምግብ አልበላችም" ብለው መዝገብ ላይ ቢጽፉ፣ አለቃችን ዶክተሩ ሠራተኛ መስላው ደንግጦ ሐኪም ቤት ኮል ሊያደርግላት ነበር።

በ1984 የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሞከርን። ክትባቱ የተሠራው ከሌላ፣ ከሚቀራረብ ቫይረስ ነው፤ አዲስ ከመጣው ቫይረስም ያድናል ወይ ነበር ጥያቄው። ሁሉንም በአዲሱ ቫይረስ ስናስይዝ ያልተከተቡት አለቁ። የተከተቡት ሃያዎቹ በሙሉ ተረፉ። ዶክተሩ ኬክ አመጣ። እኔም "ሙሉ በሙሉ ይከላከላል" ብዬ ሪፖርቱን ልፈርም ስል፣ ጋሽ ወልደትንሳኤ መጡ።

"ውባንቺ አልሞተችም፤ ግን ውሃዋን ትታለች። እስቲ ጉሮሮዋን እዪልኝ።"

"እርስዎን ምን አገባዎት?" አልኳቸው። አዎ፣ ብያለሁ።

እያጉረመረምኩ መረመርኩ። ከሃያዎቹ በስድስቱ ጉሮሮ ቫይረሱ ነበር። ክትባቱ ከሞት አድኗቸዋል፤ ሌላ ዶሮ ከማስያዝ ግን አላገዳቸውም። ፈርሜ ቢሆን ኖሮ፣ ገበሬው እኔን አምኖ የተከተበችውን ካልተከተበችው ጋር ይቀላቅል ነበር። ያ ሁሉ ዶሮ በእኔ ፊርማ ያልቅ ነበር።

ጋሽ ወልደትንሳኤ፣ ሪፖርቱ ላይ የወጣው የእኔ ስም ብቻ ነው። እርስዎ አንድ ቀን እንኳ አላነሱብኝም። አራት ዓመት አፍሬ ኖርኩ። ዛሬ በሰው ፊት ልናገር፦ ያገኙት እርስዎ ነዎት። ይቅር ይበሉኝ። አመሰግናለሁ።

ሶ፣ ስጦታው። በእትዬ አጸደ መኪና ውስጥ ቀይ አውራ ዶሮ አለ፣ በቁሙ። እኛ መንካት ስለማይፈቀድልን የገዙት እሳቸው ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ መንካት ይችላሉ። ግን ይወቁት፤ ከነኩት በኋላ ነገ ጠዋት እንደ ልማድዎ መጥተው ቢያንኳኩ አላስገባዎትም።

የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነውና በመጠጥ ፈንታ ሶዳችሁን አንሱ! ጋሽ ወልደትንሳኤ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ከእትዬ አጸደ ጋር ያኑርዎት።

በስምንተኛው ቀን ይምጡ። በሩን እኔው እከፍትልዎታለሁ። ታጥበው ይገባሉ።