እስከ ጭራው የተሰማው አልበም

ነይ እስቲ ልጄ፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ በይ። ለልብስ ሰፊ ብርሃን ነው ዋናው። ክሩን እኔ ባስገባልሽ ደስ ባለኝ፣ ዐይኔ እንቢ አለ እንጂ። ልጆቹ ደህና ናቸው? ድመቷን ገፋ አድርጊያትና ተቀመጪ፤ ወንበሩን ርስቷ አድርጋዋለች።

ይኸው ኮቱ። አምና ነበር የሰፋሽው፣ ዘንድሮ ትከሻው ጠበበ። ምን ይደረግ… ሰው ሲከበር ትከሻውም አብሮ ይሰፋል መሰለኝ። አንገቱንም ትንሽ ልቀቂለት፤ ዛሬ እንግዶች ፊት ቆሞ ስለሚናገር ቀና ማለት አለበት። በሩን ተዪው፣ አትዝጊው። ባለቤቱ ማዶ ክፍል መስታወት ፊት ቆሞ ንግግሩን እያጠና ነው። እኛ የምናወራው ተራ ወሬ፣ ማንን ይረብሻል?

እንግዳ ሲነሳ አንድ ቤት ትዝ አለኝ። የት እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ የሰው ስም ማንሳት አልወድም። ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው ዜማ ደራሲ ነው፤ ሲበዛ ጨዋ፣ ሲበዛ ትሑት… ትሕትናውን ራሱ ነው የነገረን። አኒሜ የሚሉትን የሥዕል ፊልም ታውቂው የለ? ፀጉራቸው እንደ እሾህ የቆመ፣ ዐይናቸው ፊታቸውን የጨረሰው። እሱን ወደ ቪዲዮ ጌም ለወጡትና ይደባደቡበታል። ለድብድቡ ማጀቢያ ሙዚቃ ተፈለገ፣ ሰውየው ተመረጠ። እያንዳንዱ ተዋጊ የራሱ ዜማ አለው አሉ። አሁን ዜማዎቹ ተሰብስበው አልበም ሆኑ፣ ሽፋኑም ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። ላዩ ላይ የሰውየው ስም፣ ሥሩ ደግሞ… የሰውየው ስም። በጀርባው ምስጋና አለ። ኮምፒውተር የሸጠለትን ሱቅ አመስግኗል፣ ፎቶ ያነሳውን አመስግኗል፣ ድመቷን ሳይቀር አመስግኗል። ድመት ማመስገን ቀላል ነው እንዴ? ልበ ሰፊነት ይጠይቃል። ያቺ ድመት ታዲያ ከዚያ ወዲህ ወንበር አትለቅም።

ሚስቱ? እሷማ ምን ሠራች ብለሽ ነው። ዜማውን አንጎራጎረች፣ አስተካከለች፣ ከዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ከካፖርቶቹ መሃል ገብታ ዘፈነችው። የውጭ ጫጫታ እንዳይገባ ነዋ፤ ካፖርት ድምፅ ይውጣል። ድምፅ የሚውጠው ካፖርት ብቻ መስሎኝ ነበር እኔ… ሆዷ ገፍቶ ቁም ሳጥኑ አልዘጋ ሲላት እንኳ፣ በሩን በጣቷ ይዛ ትዘፍን ነበር። እሱስ ዝም ብሎ ተቀመጠ እንዳትይ። «በርቺ» ይላት ነበር። «በርቺ» ማለት ደግሞ ያደክማል፤ ማታ ማታ ሻይ በማር የሚፈላው ለሱ ጉሮሮ ነበር።

ለመጨረሻው ውጊያ ከበሮ ጠፋ። ሚስቲቱ ፊደል ያልቆጠረች እናት አለቻት። በረንዳ ላይ ምንጣፍ በዱላ ስትመታ ሰማቻትና «እማዬ፣ የምፈልገው ይሄንን ነው» አለቻት። አሮጊቷ ስትመታ ዋለች። የአንዱ ምንጣፍ አቧራ ሲያልቅ ከሶፋው ሥር ያለውን ጎትተው አመጡላት። ወገቤ እስከ ዛሬ… ወገቧ ማለቴ ነው፣ እስከ ዛሬ አልተቃናም። ሰውየው ለጋዜጠኛ ምን አለ መሰለሽ? «ይህን የከበሮ ድምፅ ያገኘሁት ከረጅም ጥናት በኋላ ነው።» እውነቱን ነው። ምንጣፉ ከሥሩ ሲጎተት ሶፋው ላይ ተጋድሞ ሲያጠና ነበር፣ ዐይኑን ጨፍኖ።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይባል የለ? እዚያ ቤት ጠጠርም አይባክንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስርም ይላሉ፤ ያደራችው ሸረሪት ናት፣ ፎቶ የሚነሳው ግን አንበሳው። ሚስቲቱ እንደሆነች ዝም አይነቅዝም ብላ ተቀምጣለች። ይሄ ጓዳ የሚንኳኳው? የኔ ልጅ ናት፣ ለእንግዶቹ ብርጭቆ እያጠበች። ያቺኛዋም ይሄኔ እያጠበች ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ጌሙ ውስጥ ዜማው አያልቅም። መጨረሻው አጠገብ ሲደርስ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሳል፣ አንዱ አንዱን እስኪጥለው። ስለዚህ ጭራውን ሰው ሰምቶት አያውቅም። አልበም ላይ ግን ሁሉም እስከ ጭራው ይሰማል፤ ከዜማው በኋላ አብሮ የተቀዳው ትርፍ መቆረጥ አለበት። የምትቆርጠው ሚስቲቱ ነበረች። ለአልበሙ ጊዜ ግን ሰውየው አዘነላት፤ ወሯ ገብቷል፣ ትንሽ ትረፍ ብሎ ራሱ ሰብስቦ ላከው። ሰምቶት ነው የላከው? በምን ጊዜው… ንግግር ያጠናል እኮ።

አሮጊቷ ግን ሥራ ፈት ናት። ትናንት ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ምንጣፏን ልትሰማ ተቀመጠች። የመጨረሻው ውጊያ ሲያልቅ ዱላው ይቆማል። ጸጥ ይላል። ከዚያ አንዲት አሮጊት «በቃኝ ልጄ፣ ወገቤ ተቆረጠ» ትላለች። «አንዴ ብቻ እማዬ፣ ዜማውን ጨርሼዋለሁ፣ የቀረኝ ያንቺ ዱላ ነው» ትላለች ልጅቷ። ከዚያ በተከፈተው በር በኩል፣ ከሶፋው… ማንኮራፋት። ጥርት ያለ ማንኮራፋት። ለካ እሱም አልበሙ ላይ አለ። ምንም አልሠራም ብዬ አምቼው ነበር፣ ይቅር ይበለኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉን ነበር። ዘንድሮ ማደሩም ቀረ፤ እዚያም ቤት እንግዶች ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ይመጣሉ፣ በትልቅ ድምፅ ማጉያ እስከ ጭራው ሊሰሙ።

ለነገሩ ጊዜ አለ። ማተሚያ ቤት ስልክ ያነሳል፣ አንድ ስም መጨመር ቀለም አይጨርስም። ንግግሩንም «ይህን የሠራችው ባለቤቴ ናት» ብሎ ቢጀምር፣ ጭራው ምስክር ይሆንለታል እንጂ አያሳፍረውም። እኔ ምን አገባኝ፣ የሰው ቤት ነው።

ምነው ማዶ ዝም አለ? ንግግሩን ጨረሰ መሰለኝ። አትሳቂ፣ መርፌው ይወጋሻል።

እኔ አሮጊቷ ከምርቃት በቀር ምን አለኝ። ያ ሰው ስሙ ከፍ ይበል። የሚወለደው ልጁም ከሱ የበለጠ ስመ ጥር ይሁን፣ ሰው ፊት ቆሞ የሚሸለም ያድርገው። በዚያን ቀን፣ አባትየው የልጁን እናት እንዳሰባት፣ ልጁም አባቱን ልክ እንደዚያው ያስበው። አሜን በይ እንጂ… ጮክ በይ ልጄ፣ ማዶም ይሰማ።