አያ ወገኔና የተጠረጠረችው ጸሐፊ

አያ ወገኔ ከይፋግ ተመልሰው ወረታ መናኸሪያ ከሚኒባስ እንደወረዱ ስልካቸው ጮኸ። የደወለችው አሰፋሽ ነበረች፤ የፎቶኮፒ ቤት ያላት፣ የሩዝ መፈልፈያቸውን ደብዳቤ ስምንት ዓመት ሙሉ በኢሜይል ስትልክላቸው የኖረች ሴት። የይለፍ ቃሉን ኮምፒውተሩ አልቀበል ብሏታል።

«ፎገራ በይ፣ በእንግሊዝኛው» አሉ አያ ወገኔ፣ የረዳቶቹ ጩኸት እንዳይውጣቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ከዚያ የተወለድሁበት ዓመት፤ ሃምሳ ሦስት። ገባ? ጎሽ።»

አጠገባቸው የቆመች አንዲት ወጣት ትመለከታቸው ነበር።

«አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለዚህ ሁሉ ሰው ቤትዎን ከፈቱለት እኮ።»

«የምን ቤት?»

ወጣቷ ትሩፋት ትባላለች፤ የአንበሳሜ ልጅ ናት፣ እዚሁ ወረታ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ይህን ሲሰሙ አያ ወገኔ ጥላ ሥር አስቀመጧትና የሳምንት ጭንቀታቸውን ዘረገፉላት።

የማይታወቁ ሰዎች ሩዛቸውን በአያ ወገኔ መጋዘን ላስቀመጡ ገበሬዎች ደውለው ነበር። የእያንዳንዱን ስም፣ ስንት ኩንታል እንዳለው ሳይቀር እየጠሩ «ከወገኔ መፈልፈያ ነን» አሉ። ሁለቱ አምነው የስልካቸውን የምስጢር ቁጥር ተናገሩ፤ በስልካቸው ያኖሩት ገንዘብ ተወሰደ። የገበሬዎቹን ስም፣ ስልክና ኩንታል የያዘውን ዝርዝር ለአዲስ አበባው ሩዝ ገዢ በኢሜይል የላከችው አሰፋሽ ናትና ጣት ሁሉ ወደ እርሷ ዞረ። ዛሬ ከሰዓት ገበሬዎቹ መፈልፈያው ግቢ ተሰብስበው ሊጠይቋት ነው። አያ ወገኔ ሌባ ናት ለማለት አፋቸው እሺ አላለም፤ አይደለችም ለማለትም የሚያቀርቡት ነገር አጡ።

«አሁን ዝርዝሩን ማን እንደወሰደው ንገሪኝ» አሉ።

«አይታወቅም፣ አያ። የይለፍ ቃሉን ስንት ሰው ያውቀዋል?»

«እኔና አሰፋሽ። ሚዛን የሚይዘው አምሳልም፤ እኔ ስርቅ ያነብላታል። እንዳልረሳው ብዬም ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጽፌዋለሁ።»

«የትኛው ግድግዳ?»

«ሾፌሮቹ የሚያርፉበት። ጥላ አለው።»

ትሩፋት ሳቋን ዋጠች። «አሁን ደግሞ የሐሙሲት ሚኒባስ ረዳትም ያውቀዋል።»

«እንግዲያው እቀይረዋለሁ።»

«ይቀይሩ፤ ግን ብቻውን አይበቃም። እንደ ፍላሽ ያለች ትንሽ ቁልፍ አለች፤ ኮምፒውተሩ ላይ ትሰካለች። እርሷ ከሌለች የይለፍ ቃሉን አገር ቢያውቀውም ኢሜይሉ አይከፈትም።»

«ኢሜይሉ ያለው አሰፋሽ ኮምፒውተር ውስጥ አይደለም?»

«ሩቅ ነው ያለው፤ ከየትም ይከፈታል።»

«ቤቱ ሩቅ፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ። እታለም፣ ጭራሽ አዞርሽኝ።»

«ኢሜይሉ ይጠይቃል፣ ቁልፏ ትመልሳለች። መልሱ በየጊዜው ስለሚለያይ ሰምቶ የሚሰርቀው የለም።»

«እኔም አላውቀውም?»

«እርስዎም አያውቁትም።»

«የማላውቀውን እንዴት አምናለሁ?»

«ስለማያውቁት ነው ለማንም የማይነግሩት።»

አያ ወገኔ መሬት መሬት አዩ። ነገሩ ከግማሽ በላይ አልገባቸውም፤ ይህቺ ግን ገብታቸዋለች።

«ብትጠፋስ?»

«ሁለት ይግዙ። አንዷ ከእርስዎ ጋር፣ አንዷ የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ።»

«አሰፋሽን ስነፍጋት አላምንሽም ማለት አይሆንብኝም?»

ይሉኝታ ብዙ ደግ ሰው አስሯል፤ አያ ወገኔንም ከቁልፏ ይልቅ ያስጨነቃቸው ይህ ነበር። ትሩፋት ግን ወደ ሌላ ነገር አለፈች።

«ሌላም አለ፣ አያ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። የሰው ስምና ስልክ የያዘ ሰው መጠበቅ አለበት፤ ካመለጠው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያሳውቃል፤ ለሚጎዱት ባለቤቶችም ይነግራል።»

«ከእጄ አመለጠ ብዬ?»

«እንደዚያው ብለው።»

ከሰዓት በኋላ ገበሬዎቹ ግቢውን ሞሉት። አሰፋሽ ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጣለች፤ አንገቷን አልደፋችም።

«ዝርዝሩ እግር አውጥቶ ሄደ እንዴ?» አለ ደረሰ፣ ገንዘቡ ከተወሰደባቸው አንዱ። «እሷ ካልሸጠችው?»

አያ ወገኔ ተነሡ። «ዝርዝሩ ያመለጠው ከእኔ እጅ ነው። የይለፍ ቃሉን ግድግዳ ላይ ጻፍሁ፤ ዛሬም መናኸሪያ ቆሜ ጮኼ ተናገርሁት። ማን እንደወሰደው አላውቅም፤ ለሁሉ ክፍት ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ። የሁለታችሁን ገንዘብ እተካለሁ፤ ለመሥሪያ ቤቱም አስታውቃለሁ።»

ቀጥለው ስለ ቁልፏ እንደገባቸው ያህል አስረዱና ወደ አሰፋሽ ዞሩ። «አንደኛዋን ላንቺ እሰጥሻለሁ።»

«አይስጡኝ» አለች አሰፋሽ። «ደብዳቤ ሲኖር ይዘው ይምጡ፤ ስንጨርስ ይዘው ይሂዱ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ቢጠፋ የምጠረጠረው እኔ ነኝ እያልሁ ነው የኖርሁት።»

አያ ወገኔ ያስቀይማታል ብለው የፈሩት ነገር አሰፋሽን ከጭንቀት ፈትቶ ለቀቃት፤ ጥብቅ ቁልፍ ባለንብረቱን ብቻ ሳይሆን ንጹሑን ሠራተኛም ከሐሜት ይጠብቃል። በዚያ ቀን አመኔታ አጥቶ ሩዙን ከመጋዘኑ ጭኖ የወጣ ገበሬ አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት ቁልፎቹ ከአዲስ አበባ መጡ። ደረሰ ፎቶኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እታለም አሰፋሽ፣ ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብያለሁ» አለችና አንድ ወረቀት ገፋችለት። «ስምህና ስልክህ ለገዢው እንዲላክ ትፈቅድ እንደሆነ አንብብና ፈርም። ካልፈቀድህ አልልከውም።»

ደረሰ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ቀስ ብሎ አነበበ።