ያላዞርኩት ቁጥር

የተከበራችሁ ቤተሰቦቹ፣ ባልደረቦቹ፣ ልትሸኙት የመጣችሁ ሁሉ፣ እንደምን ዋላችሁ። «የልብ ጓደኛው አንተ ነህ፣ ተናገር» ተብዬ ነው የቆምኩት። ቀና ብዬ ላያችሁ ግን አፍሬያለሁ።

ፎቶ ቤታችን ውስጥ እሱን «ጨምርላት» እያልን ነበር የምንጠራው። ነጭ የለበሰች ሙሽራ ስናነሳ ከኋላችን ይመጣና፣ «ካሜራ ሞኝ ነው፤ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለዋል፤ ቀሚሷን አመድ ያደርግባታል። ብርሃኑን አንድ ጨምርላት!» ይላል። ሳቁ፣ ግድ የለም። እሱም ይስቅ ነበር።

አንድ ካሜራ ለሁለት የምንሠራበት ጊዜ ነው። ጠዋት እኔ ደብዛዛ የቲያትር አዳራሽ ውስጥ ለጨለማ በሚሆነው ባለ ሺህ ስድስት መቶ ፊልም አነሳሁ። ከሰዓት እሱ የሚያነሳው ሰርግ ነበር። ብዙ ብርሃን የሚፈልገውን ባለ መቶውን ፊልም አስገባሁለት። ከካርቶኑ ላይ «100» የሚለውን ቀድጄ ካሜራው ጀርባ ሰካሁ። እኛ ቤት ያቺ ቁራጭ ካርቶን ቃል ናት፤ የሰካት ሰው የካሜራውን የፊልም ፍጥነት ቁጥርም ወደዚያው አዙሯል ማለት ነው። እኔ አላዞርኩም፤ ቁጥሩ ሺህ ስድስት መቶ ላይ እንደቆመ ነበር። «አልቋል፣ ሂድ!» አልኩት። አመነኝ።

ፊልሙ በቂ ብርሃን አላገኘምና ሲታጠብ ሙሽራዋ የለችም። ሙሽራው የለም። ባዶ ሊባል ምንም ያልቀረው ፊልም! የሙሽራዋ አባት መጥተው በሰው ፊት ሰደቡት። መሰደብ የነበረበት ማን ነበር? እሱ ካሜራውን አገላብጦ ቁጥሩን አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ከዚያ ለአለቃችን፣ «ሳላረጋግጥ ወጣሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። እኔስ? መሬት መሬቱን አየሁ።

ከዚያ ወዲያ ካሜራ አላስነኩትም። አስራ አንድ ዓመት ጨለማ ክፍል ውስጥ የኔን ፊልም አጠበ። የእሱን ቦታ ማን ያዘው? እኔ። አንድ ቀን እንደ ምንም ደፍሬ፣ «ስለዚያ ሰርግ…» ብዬ ስጀምር፣ እጁን በፎጣ እየጠረገ፣ «ተወው ባክህ፣ አንተ ልጆች አሉህ» አለኝ።

እሱስ? እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?

እህቴ፣ «ባልሽ ዝንጉ ነው» ሲሉሽ ኖርሽ። እኔም ቤትሽ ተቀምጬ፣ ሻይሽን እየጠጣሁ፣ ሲባል ሰምቼ ዝም አልኩ። ዝንጉው እኔ ነኝ። ፈሪውም እኔ ነኝ። ልጆቼ፣ አባታችሁ ሥራውን አሳምሮ ያውቅ ነበር። የተሳሳተው እኔን በማመኑ ነው።

ወንድሜ፣ ይህን አንተ ቆመህ ስትሰማ መናገር ነበረብኝ። ነገ ለአለቃችንም፣ ለሙሽራዋ አባትም እነግራቸዋለሁ። ለአንተ አልደረሰም፤ ለልጆችህ ይድረስ። በል፣ ደህና ሁን።