ክር ሲበጠስ

ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በምንሄድበት ታክሲ ውስጥ፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ የከፈተ ወጣት ድንገት ጮኸ።

«አለቀ! ማዘር፣ አለቀልኝ!»

አጠገቡ የተቀመጡት እናት ደነገጡ።

«ምኑ ልጄ?»

«ኮምፒውተሩ የጻፍኩትን ኮድ ወደ ፕሮግራም እየቀየረልኝ ነበር። ስድስት ሰዓት ይፈጃል። መብራት ሲሄድ ባትሪው አይችለውም፣ መሃል ላይ ይቋረጣል። ከዚያ እንደገና ከዜሮ!»

«ለምን ከዜሮ?»

«ግማሽ ሥራ አያምርም ብዬ የተሠራውን ሁሉ አጠፋው ነበር።»

«በስመ አብ! እኔ ሃያ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ክር ሲበጠስ ቋጥረን እንቀጥላለን እንጂ ጨርቁን እንተረትራለን እንዴ?»

«እሱን እኮ ነው ዛሬ ያወቅኩት! ሳላጠፋ ከቆመበት አስቀጠልኩት፤ ይኸው አቃቂ ሳንደርስ አለቀ!»

«እስከዛሬ ስንቴ ተረተርከው?»

«ዘጠኝ ጊዜ!»

ታክሲው በሳቅ ሲፈነዳ፣ እኔ አንድ መስመር ተበላሽቶብኝ ልቀደው የነበረውን ማመልከቻ አጣጥፌ ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።