ቡሬ ያልታረደበት ተዝካር

ወዳጆቼ፣ ከሥራ አረፍ ብላችሁ ከሆነ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ከወዲሁ «ይህች ሴትዮ ሥጋ አትብሉ ልትለን ነው» ብላችሁ እንዳትስቁብኝ። እኔም በፋሲካ ዶሮ ስገነጥል፣ ቅቤ ሳነጥር ልጆች አሳድጌ ለወግ ያበቃሁ ሰው ነኝ። እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዚያ ፍረዱ።

የጎረቤቴ የወለተኢየሱስ ነገር ነው። ባሏን ደምመላሽን የቀበረችው የገና በዓል ሳይደርስ ነው። ጥምቀት አለፈና አርባው ደረሰ። ሮቤ ላይ ዳስ ሊጣል፣ ተዝካር ሊወጣ ነው። ጎባ ያሉትን የባሏን ዘመዶች ልትጠራ ሄዳ፣ ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጥቁር ልብሷን ሰብስባ ተቀምጣ ሳለ፣ አንዲት ወጣት ሂጃቧን እያስተካከለች ገባች።

«እማማ ወለተኢየሱስ! አካም ጅርቱ?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ ሰቢሪናዬ! ነይ አጠገቤ።»

ሰቢሪና የሙህዲን ልጅ ናት። ሙህዲን ማለት የደምመላሽ መቀናጆ ነው። እሱ አንድ በሬ፣ ደምመላሽ አንድ በሬ፤ ሁለቱን በአንድ ቀንበር ጠምደው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን መሬት እያረሱ ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት። ልጅቷም በሁለቱ ቤት መሐል እየተመላለሰች አደገች፣ ተማረች፣ አሁን ጎባ ስለ ደንና ስለ ውኃ በሚሠራ መሥሪያ ቤት ተቀጥራለች።

«ምነው ከሳሽ?» አለቻት ወለተኢየሱስ ጉንጯን እየዳበሰች። «ለነገሩ እናትሽ ነግራኛለች። ሥጋ ተወች፣ ወተትም ተወች፣ ለአረፋ እንኳ አልቀመሰችልኝም ብላ አለቀሰች እኮ! ልትመነኩሺ ነው?»

«ሂጃብ ያደረገች መነኩሲት የት አይተው ያውቃሉ፣ እማማ?»

«እንግዲያው ጾማችንን ልትቀሙን ነዋ!»

ሁለቱም ሳቁ። ወለተኢየሱስ ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም፤ ወዲያው ደነገጠችና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«ደህና አገኘሁሽ» አለች ቆይታ። «ቅዳሜ ተዝካሩ ነው። ለእናንተ በግ ለብቻ ይገዛል፤ የእናንተው ሰው ያርደዋል፣ በእናንተው ቤት ይሠራል። ዳሱም እንደ ወጉ ለብቻ ነው። ለአባትሽ ንገሪልኝ።»

«ለናንተስ ወገን?»

«ቡሬ ይታረዳል።»

ቡሬ የደምመላሽ በሬ ነው፤ ከሙህዲን በሬ ጋር የሚጠመደው።

«አባቴ ያውቃል?»

«በምን አፌ ልንገረው? የበልግ እርሻ ደርሷል፤ በሬው ያለ ጓደኛ ሊቀር ነው። ግን ምን ላድርግ? እንደ ደምመላሽ ያለ ሰው ሞቶ በሬ ካልታረደ ሰው ምን ይላል?»

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቡሬ እኮ አባባ ደምመላሽ ስሙን ሲጠራው ጆሮውን የሚያቆም በሬ ነው። አርሶ ነው ያበላችሁ።»

«አታንሺብኝ!» አለች ወለተኢየሱስ። «ሲመሻሽ ወደ አጥሩ በር ዞሮ ይጮኻል። ደምመላሽ የሚገባበት ሰዓት ነው። ... እኔም ቆሜ አብሬው ነው የማየው።»

«በሬ ካራጁ ይውላል ይላሉ። ቡሬ ግን ሐዘንተኛ ሆኖ ነው የዋለው።»

እዚህ ላይ ወለተኢየሱስ ቆጣ አለች። ልቧ ሲነካ ቁጣ ይቀድማታል። «ስሚ ልጄ! እንስሳውን እግዚአብሔር ለሰው ሰጥቶታል። እሱ የፈቀደውን አንቺ ልትከለክዪ ነው?»

«አዑዙቢላህ! አላህ የፈቀደውን ሐራም አልልም። ግን የተፈቀደ ሁሉ ግዴታ አይደለም። መብላት ስችል መተው እችላለሁ። የሚታረደውን ስቃይ አየሁ፣ ሆዴ ባባ፣ ተውኩ። እርስዎስ ዐቢይ ጾምን ሙሉ ያለ ሥጋ ያለ ወተት ይኖሩ የለ? ተርበው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። እንዲያውም ሰውነቴ ይቀለኛል።»

«እኔም ለጤናዬ ብዬ...» ብላ ጀመረችና ልጅቷ የደምመላሽን ሕመም አስታውሳ አቋረጠች።

ወለተኢየሱስ ገባት። መንገድ መንገዱን እያየች ተናገረች።

«ጨርሺው። ደም ግፊት ነው የገደለው። ሐኪሙ ጮማ ተው፣ ቅቤ ተው፣ ጨው ቀንስ ብሎት ነበር። እኔ ግን ጾም ሳይሆን ለባሌ የጾም ወጥ እንዴት አቀርባለሁ? ቤቷ ሞልቶ አስርባ ገደለችው ቢሉኝስ? እሱ ሳያይ ሽሮው ላይ ቅቤ ጣል አደርግለት ነበር። ዛሬ ወጡ ጣፈጠኝ ይለኝ ነበር፣ ልጄ። ጣፈጠኝ ይለኝ ነበር።»

ወዳጆቼ፣ በወለተኢየሱስ አትፍረዱባት። የእኛ አገር ሴት ፍቅሯን በምን ትለካለች? በቅቤ አይደለም? ሐኪም የተናገረውን ከጎረቤት ወሬ አሳንሳ የምታይ እሷ ብቻ ናት? ስንቶቻችን ነን የታመመ ሰው ልንጠይቅ ሄደን «በል ጮማ ይስጡህና ነፍስ ዝራ» የምንል!

ሰቢሪና እጇን ያዘቻት። «እማማ፣ በሽታውን እርስዎ አላመጡበትም። ደም ግፊት ብዙ ምክንያት አለው፤ አንድ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን ሰው አይገድልም። ላለፈው ራስዎን አይውቀሱ። ለቀረነው ግን እንወቅበት። አባቴም እኮ ያው በሽታ አለበት። እኔ ከተውኩ ወዲህ አብሮኝ ባቄላና ጎመን መብላት ጀምሯል፤ መድኃኒቱንም አላቋረጠም፣ ጮማውን ግን ቀንሷል።»

«አንቺስ? በምስር ብቻ አቅም ይኖራል?»

«ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ተልባ፣ ቅጠላ ቅጠሉ፣ ምኑ ጠፍቶ! ከሥጋና ከወተት የሚገኝ አንድ ቫይታሚን ግን አለ፤ እሱን ሐኪም ጠይቄ በኪኒን እወስዳለሁ። እንዲሁ በድፍረት መተው ጥሩ አይደለም።»

ይህን ስትል ዞር አለችና በኋላ መስኮት ደመና የለበሰውን ተራራ አሳየቻት። «ሌላም ምክንያት አለኝ። ለሥራ ዲንሾ በኩል ሄጄ፣ ሴቶቹ የሚቀዱበት ምንጭ ደርቆ አገኘሁት። ዙሪያው ሣሩ ተግጦ ተግጦ አፈሩ ፈጧል። ዝናብ ሲመጣ አፈሩን ይዞት ይወርዳል። ሰው በዛ፣ ከብት በዛ፤ ተራራው ግን አልጨመረም።»

«የዚያ አገር ሰው ታዲያ ምን ይብላ? ከብቱ አይደል ሀብቱ?»

«በእሱ አልፈርድም። እሱ ያለ ከብት መኖሪያ የለውም። የምናገረው ስለ እኛ ነው፤ ገበያ ወጥተን ከሁሉ መርጠን ለምንገዛው። የእኛ መብል ሲቀንስ የሚሰማራውም እየቀነሰ ይሄዳል። አገራችን ባሌ እኮ የስንዴና የገብስ፣ የባቄላና የአተር አገር ናት፣ እማማ። ምን ጎደለን?»

ሮቤ ወርደው ጎን ለጎን ሄዱ። «ትምህርቱ ደህና ነው» ትላለች ወለተኢየሱስ በልቧ፣ «ዳሱ ሥር ግን ሰቢሪና አይደለችም የምትታማው፤ እኔ ነኝ።»

ቤት ሲደርሱ ሙህዲን ግቢ ውስጥ ነበር። ደምመላሽ ከሞተ ወዲህ በየቀኑ ጭድ ተሸክሞ እየመጣ ቡሬን የሚያበላው እሱ ነው። የበሬውን አንገት እያከከ ነበር።

«ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ ተመለስሽ? ይህ በሬ ከስቷል። የበልጉ እርሻ ሳይጀመር እናድልበው እንጂ።»

ወለተኢየሱስ መሬት መሬቱን እያየች ስለ ቡሬም ስለ በጉም ነገረችው። ሙህዲን እጁን ከበሬው አንገት ላይ አላነሣም።

«በሬው ያንቺ ነው» አለ በመጨረሻ። «እኔ እንዳይታረድ የማለት መብት የለኝም። ለእኔ ግን በግ አትግዢ።»

«ለምን? ተቀየምከኝ?»

«ወላሂ አልተቀየምኩም። ስሚኝ። እኔና ደምመላሽ ማሳ ላይ ሽሮ በአንድ ሳህን ነው የበላነው። ቀንበሩን እኩል ነው የተሸከምነው። ድግስ ሲመጣ ግን አንድም ቀን አብረን ተቀምጠን አናውቅም። በሰርጋችሁ ቀን እኔ ማዶ ዳስ ነበርኩ። በልጄ ኒካሕ እሱ ማዶ ነበር። ሥጋ ነው የለየን፤ ሌላ ምን ለየን? አሁን ደግሞ ሞቶ፣ ለተዝካሩም ማዶ ልቀመጥ?»

ይህን ጊዜ ወለተኢየሱስ በረቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሰቢሪናም እላይዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ያ ሁሉ የሚኒባስ ክርክር ያልነካው የልቧ ቦታ አሁን ተነካ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ያለ ሥጋ ተዝካር ማውጣት ይቻል እንደሆነ ልትጠይቅ ወደ ነፍስ አባቷ ሄደች። ቄሱ «ለነፍሱ የሚደርስለት ፍትሐቱ፣ ጸሎቱና ለደሃ የምታበዪው ነው፤ የሥጋው ብዛት አይደለም» አሏት። የባሏ ወንድም ፀጋዬ ግን ሲሰማ እሳት ጎረሰ።

«የወንድሜ ተዝካር በሽሮ? ደሃ ነው እንዴ የሞተው?»

«ፀጋዬ፣ አርባው ፍልሰታ ላይ ቢውል ኖሮ በምን ታወጣው ነበር?»

«ያማ ጾም ነው!»

«በጾም ቀን ክብሩን ያልቀነሰው ሽሮ በጥር ለምን ይቀንሰዋል? ንገረኝ።»

ፀጋዬ ጢሙን አሻሸ፣ ወደ ሰማይ አየ፣ «እንግዲህ ሐሜቱ የራስሽ ነው» ብሎ ሄደ። ቅዳሜ ዕለት ግን ገና ሳይነጋጋ የዳሱን ምሰሶ ሊተክል መጣ።

አንድ ዳስ ብቻ ተጣለ። ምስሩ፣ የአተር ክኩ፣ የሽምብራ አሳው፣ ጎመኑ፣ ስልጆው በየድስቱ ሞላ። ሰቢሪናና የሰፈሩ ሙስሊም ሴቶች ከእኛ ጋር ሽንኩርት ሲከትፉ ዋሉ፤ ድስት የሚለይ፣ ቢላ የሚለይ አልነበረም። ሐሜትማ ነበረ። አንዳንዶቹ ዘመዶች «ደግሞ ምን ዓይነት ፋሽን ነው?» እያሉ ነው እጃቸውን የታጠቡት። ግን ጠግበው ነው የተነሡት።

ሙህዲን ከፀጋዬ አጠገብ ተቀመጠ። ፀጋዬ እንጀራውን ቆርሶ ወጡን ጠቅልሎ «የወንድሜ ወንድም» ብሎ አጎረሰው። ሙህዲን ጉርሻውን ውጦ ዳሱን ዙሪያውን አየው፤ ያ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

«እንዲህ ቀላል ነበር?» አለ። «ደምመላሽ፣ እንዲህ ቀላል ከነበረ ምነው አንተ እያለህ?»

ዳሱ በሙሉ እንደ ቀብሩ ዕለት አለቀሰ። ወለተኢየሱስ ደረቷን እየመታች ያለቀሰችው ግን ለሞቱ ብቻ አልነበረም፤ ከእሱ ጋር ላመለጣቸው ለእነዚያ ሁሉ ድግሶች ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገራችሁ። ቡሬ ከጓደኛው ጋር ተጠምዶ የሁለቱንም ቤት መሬት አረሰ። ሙህዲን ጮማውን ጨርሶ ተወው፤ ሐኪሙም ግፊትህ ረገብ ብሏል አለው። ወለተኢየሱስ ፋሲካንም ያለ ሥጋ ፈሰከች፤ ጉልበቴ ላይ የነበረው ሕመም ቀለለኝ ትላለች። ተራራውን በአንድ ቤት ሽሮ አናድነውም፤ ነገር ግን ወለተኢየሱስ ነገሩ ከሌላ ሰው ቤት እስኪጀመር መጠበቅ ትታለች። ሐዘኗ አልቀለለም። ደምመላሽ በዚያ አንድ ዳስ ሥር አልተቀመጠማ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። በሚቀጥለው ድግሳችሁ፣ ጾም ሳይሆን፣ አንድ ጊዜ ያለ ሥጋ ደግሱና ያንን ሁልጊዜ ማዶ የሚቀመጠውን ጎረቤታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡት። በሕይወት ሳለ።