የቆርቆሮዋ ሰዓት ግምት

እንደምን ዋልክ የኔ ጌታ? ደረጃው አልከበደህም? ሊፍቱ ዛሬም ቆሟል… እኔማ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ አርፌ ነው የወጣሁት። ቦርሳህን እዚያው አስቀምጣት፣ ማንም አይነካብህም። በዚህ ቤት የሰው ዕቃ አይነካም… ኧረ ምን ሲደረግ! መጋረጃውን ልግለጥልህ? ሰዓት ሠሪና ጥርስ ሐኪም ያለ ብርሃን ምን ይሠራሉ?

ይኸውልህ ሰዓቷ። ብርድ ልብስ አንጥፈውላታል፣ እንግዳ ናት እኮ። እኔ ሳውቃት እህቴ ሳሎን፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያው በላይ ነበር የምትቀመጠው። አየሃት ሰዓቷ ላይ የተቀረጸችውን ሴትዮ? መጽሐፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ክርኗን ሰዓቱ ላይ ደገፍ አድርጋ… ልጅ ሆነን፣ እናታችን ቤት ሳለች፣ አንድ ቀን ገጹን ትገልጠዋለች እያልን እንጠብቅ ነበር።

እህቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ስድስት ዓመት አልጋ ላይ ነው የዋለችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሴቷ ልጇ አገላበጠቻት፣ አጠበቻት፣ አጎረሰቻት፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ሰዓቷን ትሞላለች። እናትየው «ይቺ ሰዓት ያንቺ ናት» ስትላት በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጅቱ ግን ታላቅ ወንድም አላት… ስለዚህ ቤት ሰው የማወራ እንዳይመስልህ! አፌን ቁርጥ ያድርገው! የዚህ ቤት ሰው ይኸው በረንዳው በር ላይ ቆሞ ስልኩን ያያል። የስልኩ መብራት ከጠፋ ቆየ እንጂ፣ እሱስ እያየው ነው። እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው።

ያ ሰው እናቱን እንዴት ይወዳት መሰለህ! ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው፣ ቢሆንም በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠይቋታል። ሁለት ጊዜ! ሌላው ቢሆን አንዴ መጥቶ ይበቃኛል ይል አልነበር? በሁለተኛውማ ጫማውን አውልቆ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ሰዓቷን ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንስቷት ነው የሄደው። እናቱን ለማንሳት ብርሃን አልበቃው ብሎ ይሆናል…

ዕቃ የተከፋፈልን ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ እኔም ጥግ ይዤ፣ ያ ሰው ብድግ አለ። አዋቂ ነው እኮ! ሰዓቷን በጣቱ ኳ ኳ አደረጋትና «ይቺ ወርቅ ቀለም የተቀባች ቆርቆሮ ናት፣ ዋጋ የላትም። እህቴ አቧራ ስታራግፍላት ከምትኖር እኔው ወስጄ ልጣልላት» አለ። ለእህቱ አዝኖ! እንዲህ ያለ ወንድም ከየት ይገኛል? ልጅቱ አልቅሳ አልቅሳ ደክሟታል፣ እሺ አለች። ቆሻሻ መጣያው ራቀበት መሰለኝ፣ እዚህ… ምን እላለሁ፣ እዚያ ቤቱ ድረስ ይዟት ገባ።

ከፈትካት? ያቺ ክብ ማኅተም ምን ትላለች? መነጽሬን አልያዝኩም… ፓሪስ! ፈረንሳይ ነው የተሠራችው? ወይ ጉድ! ወርቅ የተለበጠ ነሐስ? ቅድመ አያታችን ሳይወለድ የተሠራች? እና ቆርቆሮ የሚባለው የቱ ጋ ነው ታዲያ?

አዎ… የሴትዮዋን አፍንጫ አይተኸዋል። ጨዋ ስለሆንክ ዝም ብለህ አለፍክ እንጂ ዓይንህ ሲቆም አይቻለሁ። አንተ አሁን ስትመረምራት ገልብጠህ፣ ከሥሯ፣ ማንም በማያየው በኩል ጫር አደረግሃት፤ ቢጫ ከወጣ ነሐስ፣ ነጭ ከወጣ ርካሽ ብረት፣ አይደል ያልከኝ? ያ ሰውም ይሄንኑ ከስልኩ ተምሯል። ግን እሱ ግልጽ ሰው ነው፣ ተደብቆ መሥራት አይወድም። ፊት ለፊት፣ አፍንጫዋን፣ በሚስማር! ቢጫው ሲወጣለት ደግሞ ደስ አለውና፣ የበለጠ ታብረቅርቅ ብሎ በድስት መፈግፈጊያ አሻት። ትከሻዋን፣ ደረቷን፣ የመጽሐፉን ገጽ ሳይቀር… ንጽሕና ይወዳል። እናቱ ገላዋን የሚያጥባት ስትፈልግ ይሄ ሁሉ ጉልበት የት ከርሞ ነው እያልኩ አንዳንዴ ይገርመኛል።

የዋጋዋ ግማሽ ከወርቁ ጋር ታጥቦ ሄደ ነው የምትለኝ? ግማሹ? እንግዲህ ምን ይደረግ! ቆርቆሮ ናት ያለው የምሩን ነበር፤ ቆርቆሮ እስክትሆን ድረስ ነው ያሻት።

እስቲ ውስጧን እየው፣ የምትወዛወዘው የለችም አይደል? ፔንዱለሟ። ያን ቀን ሰዓቷን ተሸክሞ ሲወርድ ኳ ኳ እያለች ሰላም ነሳችውና አውልቆ «እንቺ፣ ማስታወሻ ይሁንሽ» ብሎ ለእህቱ ሰጣት። ሰዓቷን ሙሉ ለራሱ አላደረገም፣ አካፍሏታል! እሷም በመሐረብ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ አኖረቻት። በቀደም ታዲያ ገዢ መጣና «ፔንዱለሟ የታለች? ቁጥሯስ ይገጥማል?» ብሎ ጠየቀ። ያ ሰው አክስቱን «ሄደሽ ያችን ቁራጭ ብረት አምጪልኝ» አላት። አክስት አለችው፣ እንደኔ ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት።

ቁጥሩን አንብብልኝ፣ ከማኅተሙ ሥር። አራት… ሰባት… አንድ… ስምንት። በል ይሄን ወረቀት እየው፣ ልጅቱ ፔንዱለሟ ላይ ያገኘችውን ጽፋ የሰጠችኝ ነው። አራት፣ ሰባት፣ አንድ፣ ስምንት! አብረው ነው የተሠሩት ማለት ነው? ሌላ ቢገባላት ትሠራለች፣ ግን ያ ገዢ አይወስዳትም? ድገመው እስቲ፣ ጮክ በል። በረንዳው ጋ ነፋስ አለ፣ ድምፅ አይሰማም።

ልጅቱ ክፉ ቃል አልወጣትም። «ፔንዱለሟ ከዚህ ቤት አትወጣም፣ ሰዓቷ መመለስ ከፈለገች ግን በሩ ክፍት ነው» ነው ያለችኝ። «ልትሸጫት ነው?» ብዬ ስጠይቃት አለቀሰች። «አክስቴ፣ ቤቱ ጭር አለብኝ፣ እሁድ ሲመጣ እጄን የማደርግበት አጣለሁ» አለች። አንጀቴን በላችው፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ያ ሰው እንቢ ይላል ብለህ ነው? ኧረ እንዴት ሆኖ! በሦስት ሽማግሌ ፊት ዋጋ የላትም ያለ ሰው፣ ሊጥላት የወሰደ ሰው፣ አሁን ለቆርቆሮ ብሎ ከእህቱ ጋር ይካሰሳል? ምን ይባላል? ሽማግሌዎቹም፣ እግዜር ይመስገን፣ ሦስቱም አሉ። አንደኛው ታች መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፣ ሊፍቱ ቢሠራ ኖሮ ይወጣ ነበር። ያን ቀን የተባለውን ቃል በቃል ያስታውሳል፣ ተመስገን ነው!

በል በብርድ ልብሱ ጠቅልልልኝ። ቀስ… አፍንጫዋን ተጠንቀቅላት፣ ብዙ አይታለች። ምን ወደ በረንዳው ታያለህ? የተናገረ ሰው ሰማህ? እኔም አልሰማሁም። እንግዲያውስ ያዝልኝና እንውረድ፣ የልጅቱ በር ክፍት ነው።

ቆይ፣ ቆይ… ሳልመርቅማ ከሰው ቤት አልወጣም። አንተን እጅህን ይባርከው። ያንን ሰው ደግሞ ዕድሜ ይስጥልኝ። ረጅም ዕድሜ፣ ፀጉሩ ነጥቶ፣ ከአልጋው ለመነሳት ደጋፊ እስኪሻ ድረስ። ልጆቹም ይደጉለት፤ መቼም አባታቸው የሚያደርገውን ሁሉ እያዩ ነው የሚያድጉት። ያን ጊዜ የባዳ እጅ አያሳየው። እሱ እናቱን እንደጦራት፣ ልክ እንደዚያው አድርገው፣ ምንም ሳያጎድሉ ይጡሩልኝ።

አሜን አይባልም እንዴ?